«እኩል ይካፈሉ» ማለት በነፍስ ወከፍ ነው ወይስ በሟች እናትና አባት ድርሻ? የልጅ ልጆች የውርስ ክርክር በጎጃም

«ንብረቴን ልጆቼና የሞቱት ልጆቼ ልጆች እኩል ይካፈሉ።»

ይቺ አንዲት መስመር ናት። አባት ታሞ ተኝቶ፣ የንስሐ አባቱ አጠገቡ ተቀምጠው፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ጽሕፈት የሚችል አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ሲጽፋት ቤት ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ግልጽ ናት፣ ማንም አይጠይቅም። አርባው ከወጣ በኋላ ወረቀቱ ተዘርግቶ ሲነበብ ግን አጎት አንድ ነገር ይሰማል፣ የእህቱ ልጆች ሌላ ነገር ይሰማሉ፣ የሟች ወንድም ሚስት ደግሞ ለልጇ ሌላ ሦስተኛ ነገር ትሰማለች፣ ሦስቱም አይዋሹም። ከዛ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ ከዛ ይግባኝ፣ ከዛ ሰበር እየተባለ ዓመታት ይሄዳሉ፣ ቤተሰቡ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እየሳመ ሰላም መባባል ያቆማል።

አሁን ይሄን ጉዳይ ማንሳት ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ ድሮ ድሮ ይሄ ጥያቄ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነበር፣ ልጅ አባቱን ይቀብራል እንጂ አባት ልጁን አይቀብርምና። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ግን ልጆቻቸውን የቀበሩ ሽማግሌዎች አሉን፣ ከነሱ ጋር የቀሩት የልጅ ልጆች ናቸው። እነዚህ ሽማግሌዎች ነገ ሲያልፉ ውርሱ ላይ ከአጎትና ከአክስት ጎን የሚቆመው ሕፃን ነው። በዛ ላይ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣ የከተማ ቤትና ቦታ ዋጋ ያለው ነገር ሆኗል፣ አንድ የሚከራይ ሰርቪስ ክፍል ራሱ የሚያጣላ ነው።

ነገሩን በቁጥር ካላየነው አይገባንምና አንድ ምሳሌ እንውሰድ፣ ምሳሌው የኔ ፈጠራ ነው የማንም ቤተሰብ አይደለም። ደብረ ማርቆስ የሚኖሩ አንድ አባት አራት ልጅ ወለዱ። ትልቁ ወንድ ልጅና አንዷ ሴት ልጅ በሕይወት አሉ። ሌላው ወንድ ልጅ ሞቶ አንድ ልጅ ትቷል። ሌላዋ ሴት ልጅ ሞታ አምስት ልጆች ትታለች። ባልና ሚስት አብረው ያፈሩት ቤትና ንብረት 4,800,000 ብር ያወጣል እንበል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘላት ነገር አለች፣ አባት የሚናዘዘው በራሱ ንብረት ላይ ብቻ ነው፣ ግማሹ የሚስቱ ነው፣ እሷ ግማሹን የምትወስደው ደግሞ በውርስ ሳይሆን የራሷ ስለሆነ ነው። እሷ በሕይወት እያለች «ቤቱ በሙሉ ለልጆቼ» ብሎ ቢጽፍ የሷን ግማሽ አይነካም። ዕዳ ካለ ዕዳው ይከፈላል፣ የቀብር ወጪ ይነሳል፣ ከዛ የቀረው ነው ውርስ የሚባለው። ዕዳ የለም ብለን እንቀጥልና ለክፍፍል የቀረው 2,400,000 ብር ነው።

አሁን ያቺን መስመር አንብቧት። በመጀመሪያው አነባበብ «እኩል» የተባለው በአራቱ ልጆች መሃል ነው፣ የሞቱት ልጆች ድርሻ ለልጆቻቸው ያልፋል። ስለዚህ ለአራት ሲካፈል 600,000 ይደርሳል። በሕይወት ያሉት ሁለቱ 600,000 600,000 ይወስዳሉ፣ የሟች ወንድ ልጅ አንድ ልጅ ብቻውን 600,000 ይወስዳል፣ የሟቿ አምስት ልጆች ደግሞ 600,000ውን ለአምስት ይካፈሉና 120,000 120,000 ይደርሳቸዋል።

በሁለተኛው አነባበብ «እኩል» የተባለው በሰዎቹ ሁሉ መሃል ነው። ሁለት ልጆች፣ ስድስት የልጅ ልጆች፣ በድምሩ ስምንት ሰው፣ ለእያንዳንዱ 300,000። የአምስቱ ልጆች ቤት 1,500,000 ወሰደ፣ የአንዱ ልጅ ቤት 300,000 ብቻ።

ሦስተኛው ደግሞ የልጅ ልጆቹን በጅምላ እንደ አንድ ወራሽ የሚቆጥር ነው፣ ሁለቱ ልጆች 800,000 800,000፣ ስድስቱ የልጅ ልጆች አንድ ላይ 800,000፣ ለእያንዳንዱ 133,333 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ይሄ የሚመጣው አጎትና አክስት ተስማምተው ሲቆሙ ነው፣ እኔ እስከሚገባኝ ከሦስቱ ሁሉ ደካማው እሱ ነው፣ መስመሯ ላይ የልጅ ልጆቹን አንድ ቡድን አርጎ የሚያስር ነገር የለምና።

ኑዛዜው «የሞቱት ልጆቼ ልጆች» ከማለት ይልቅ «የልጅ ልጆቼ» ብቻ ቢልስ? ያኔ በሕይወት ያለው ትልቁ ልጅ አራት ልጆች ካሉት፣ እህቱ ሦስት ካሏት፣ እነዚህም የልጅ ልጅ ናቸውና «እኛስ» ይላሉ። በነፍስ ወከፍ ከተቆጠረ 15 ሰው ይሆናል፣ ለእያንዳንዱ 160,000። ትልቁ ልጅ ከነልጆቹ 800,000 ወሰደ፣ አባቱን በልጅነቱ ያጣው ብቸኛው ልጅ ግን 160,000 ይዞ ወጣ። አያቱ ይሄን ፈልገው ነበር? እኔ አይመስለኝም፣ ግን ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ለዚህም በር ይከፍታል።

ሕጉ ምን ይላል ወደሚለው እንሂድ። ኑዛዜ ባይኖር ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 842 መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፣ ድርሻቸውም እኩል ነው፣ ከልጆቹ የሞተ ካለና ተወላጅ ከተወ ተወላጆቹ በሱ እግር ተተክተው ይወርሳሉ ይላል። ማለትም አንዱ ልጅ ሞቶ አምስት ልጅ ቢተው አምስቱ የሚቆሙት እሱ በሚቆምበት አንድ ቦታ ላይ ነው፣ አምስት ቦታ አይፈጥሩም። ያ የመጀመሪያው አነባበብ ነው።

ይሄ አሰራር ደግሞ ለጎጃም ሰው ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። በርስት ዘመን መሬት ሲጠየቅ እንዴት ነበር? በደጋ ዳሞትና በአካባቢው መሬቱን መጀመሪያ የያዘው ዋና አባት ይባላል፣ ልጆቹ ምንዝር አባት ይባላሉ፣ መሬቱ የሚከፈለው በምንዝር አባቶች ቁጥር ነው። የአንዱ ምንዝር አባት ዘር መቶ ሰው ቢሆን የሌላው ሦስት ሰው ቢሆን ድርሻቸው እኩል ነው፣ ከዛ በኋላ መቶዎቹ የራሳቸውን ድርሻ እርስ በርስ ይከፋፈላሉ። በእናትም በአባትም መቁጠር ይቻል ነበር፣ «እናቴ በዚህ ትገባለች» ብሎ ወንዱ ራሱ በእናቱ በኩል ርስት ይጠይቅ ነበር። በ1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነና ያ ሥርዓት ቀረ፣ በቤት፣ ማለትም ሰው በሰው ሳይሆን በየልጁ ወገን፣ የመቁጠሩ ልማድ ግን በሽማግሌዎቻችን አእምሮ ውስጥ አለ። ስለዚህ አንድ የሰባ የሰማንያ ዓመት የጎጃም ሽማግሌ «እኩል ይካፈሉ» ሲል በልቡ የትኛውን ቆጠራ ይዞ ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ግን ተጠንቀቁ፣ ይሄ ብቻውን አያሸንፍም። ኑዛዜ ካለ መነሻው ኑዛዜው ነው፣ ልማድ አይደለም፣ አንቀጽ 842ም አይደለም። አንቀጽ 910 ሁለት ነገር ይላል። የኑዛዜው ቃል ግልጽ ከሆነ ከቃሉ ወጥቶ «እሱ እኮ ሊል የፈለገው እንዲህ ነው» እያሉ መተርጎም አይቻልም። ቃሉ አጠራጣሪ ከሆነ ግን የተናዛዡ ሐሳብ ከኑዛዜው ከራሱና ከሌሎች ሁኔታዎች እየታየ ይተረጎማል። እንግዲህ ክርክሩ በሙሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፣ ያቺ መስመር ግልጽ ናት ወይስ አይደለችም?

የአምስቱ ልጆች ወገን «እኩል ማለት እኩል ነው፣ ምን ይተረጎማል» ይላሉ። ሲሰሙት ያሳምናል። እኔ የማልስማማው «እኩል» የሚለው ግልጽ ሆኖ በእነማን መሃል የሚለው ግልጽ ስላልሆነ ነው። በአራት ቤት መሃል ያለ እኩልነትም እኩልነት ነው፣ በስምንት ሰው መሃል ያለውም እኩልነት ነው፣ መስመሯ ሁለቱንም ትሸከማለች። ሁለት ትርጉም የሚሸከም ቃል ግልጽ ነው አይባልም። ስለዚህ ዳኛው የተናዛዡን ሐሳብ መፈለግ አለበት ባይ ነኝ።

ሐሳቡ የት ይገኛል? መጀመሪያ እዛው ወረቀቱ ላይ። «የሞቱት ልጆቼ ልጆች» የሚለው አጠራር ራሱ ብዙ ይናገራል፣ ሰውዬው የልጅ ልጆቹን የጠራቸው በሞቱት ወላጆቻቸው በኩል ነው፣ ስማቸውን አልጠራም፣ የጠራቸው ወላጆቻቸው ስለሞቱ ብቻ ነው፣ በሕይወት ያሉትን ልጆች ልጆች አላስገባም። ይሄ የሚያሳየው በሟቹ ቦታ ልጆቹ ይቁሙ የሚል ሐሳብ ነው። ከዚህ በተቃራኒ ወረቀቱ ላይ የስምንቱም ሰዎች ስም አንድ በአንድ ተዘርዝሮ «ስምንታችሁም እኩል» ቢል ኖሮ እኔም ከአምስቱ ልጆች ጋር እቆም ነበር፣ ብቸኛው ልጅ ቢጎዳም፣ ምክንያቱም ያኔ ሰውዬው ሰዎቹን ቆጥሯል፣ ቆጥሮ ነው የተናገረው። ሌላ መስመር ላይ «ላሞቹን ለአራት ይካፈሉ» ዓይነት ነገር ካለ ያም ምልክት ነው፣ አራት ቤት እንዳሰበ ያሳያል። በሕይወት እያለ መሬት ወይ ከብት ሲሰጥ እንዴት ነበር የሰጠው፣ የሞተችውን ልጁን ድርሻ ለልጆቿ ጠቅልሎ ነበር ወይስ ለየብቻ፣ ይሄም ከሁኔታዎቹ አንዱ ነው።

ምስክሮቹስ? በኑዛዜው ላይ የነበሩ ሰዎች ቀርበው ሁኔታውን ማስረዳታቸው ተገቢ ነው፣ ግን የተጻፈውን ሊያብራሩ እንጂ ያልተጻፈ አዲስ ኑዛዜ ሊጨምሩ አይደለም። «ለኔ በጆሮዬ እንዲህ ብሎኛል» የሚል ምስክር ወረቀቱን ሊያሸንፍ አይገባም፣ ያ ከተፈቀደ ኑዛዜ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ለኔ ሚዛኑን የሚደፋው እሱ ነው። አንቀጽ 1123 ከውርስ ያልተነቀለ ወራሽ በክፍፍሉ ከሚገባው ድርሻ ከ1/4 በላይ ከተጎዳ ክፍፍሉን እንዲቃወም በር ይከፍታል። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። በሕግ ለእያንዳንዱ ቤት የሚገባው 600,000 ነው፣ ሦስት አራተኛው 450,000። በነፍስ ወከፍ ቆጠራ ሁለቱ ልጆችም ብቸኛው የልጅ ልጅም 300,000 ነው የሚደርሳቸው፣ ሦስቱም በግማሽ ተጎድተዋል፣ ሦስቱም ይሄን ክርክር ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። በቤት ከተቆጠረ ግን ማንም የሚጎዳ የለም። እንግዲህ ከሁለት አነባበብ አንዱ ኑዛዜውን የሚያፀና ሌላው ለሌላ ክስ የሚያጋልጥ ከሆነ፣ አጠራጣሪ ቃል ሲያጋጥም የሚያፀናውን መምረጥ ለተናዛዡም ለቤተሰቡም የሚበጅ ይመስለኛል።

ሰው ግን ትርጉም ላይ ከመከራከር ይልቅ ኑዛዜውን ጠቅላላ ማፍረስ ይቀለዋል። በጽሑፍ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአንቀጽ 881 መሠረት በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፣ መነበቡና ቀኑ እዛው ላይ ካልተጻፈ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹ ወዲያው ካልፈረሙ ወይ የጣት አሻራ ካላሳረፉ ፈራሽ ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃል። ቤት ውስጥ የሚጻፉ ኑዛዜዎች የሚወድቁበት ቦታ ይሄው ነው፣ ሰዎቹ አራት ሆነው ተቀምጠዋል፣ ተነቧል፣ ፈርመዋል፣ «ተነቧል» የምትለዋ ቃል ግን ሳትጻፍ ቀረች። ተናዛዡ ራሱ በእጁ ሙሉ በሙሉ የጻፈው ኑዛዜ ምስክር አያስፈልገውም፣ ግን ኑዛዜ መሆኑን መግለጽ፣ ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት፣ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥም ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። «በቃሉ ተናዟል» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ደካማው ነው፣ በሁለት ምስክር ፊት በሞት አፋፍ የተነገረ የቃል ኑዛዜ ስለ ቀብር ሥርዓቱ፣ ለልጆቹ ሞግዚት ስለ መሾምና ከ500 ብር ስለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሰውዬው ከዳነም በ3 ወር ያልፍበታል። በቃል ቤት አይወረስም።

አሁን ማን እንደሚያፈርስ በቁጥሩ ማየት ትችላላችሁ። ኑዛዜው ከፈረሰ ነገሩ ወደ አንቀጽ 842 ይመለሳል፣ በቤት ይቆጠራል፣ 600,000። ስለዚህ በነፍስ ወከፍ ይነበባል ብለው የፈሩ ሁሉ አጎትም አክስትም የብቸኛው ልጅ እናትም ኑዛዜውን ለማፍረስ ይሮጣሉ፣ አምስቱ ልጆች ብቻ ለማፅናት ይቆማሉ። በቤት እንደሚነበብ እርግጠኛ ቢሆኑ ግን ማፍረሱ ለማንም አንድ ብር አይጨምርም ነበር፣ በሁለቱም መንገድ ያው 600,000 ነው። ትርጉሙ ቀድሞ ቢጣራ ግማሹ ክስ አይከፈትም የምለው ለዚህ ነው፣ ሽማግሌዎችም ውርስ አጣሪውም መጀመሪያ ይቺን ስሌት ለቤተሰቡ ቁጭ ብለው ቢያሳዩ ጥሩ ነው።

የልጅ ልጆቹ ጭራሽ ካልተጠቀሱስ? «ንብረቴ በሙሉ ለትልቁ ልጄና ለእህቱ» ብሎ ዝም ካለ ብዙ ሰው የሞቱት ልጆች ልጆች ተነቅለዋል ብሎ ይወስዳል። አልተነቀሉም። ተወላጅን ከውርስ መንቀል በግልጽ መነገር አለበት፣ ምክንያቱም እዛው ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት፣ ዝምታ መንቀል አይሆንም፣ አንድን ሰው የንብረቱ ሁሉ ተቀባይ ማድረግም ብቻውን ተወላጆችን አይነቅልም። አንቀጽ 937፣ 938ና 939ን ማየት ነው። አጎቶች «አባታችን ረስቷቸዋል» ሲሉ ሕጉ መርሳትን ለነሱ ጥቅም አላደረገውም።

ይሄ ለሴት ልጅ ልጆች በተለይ መነገር አለበት። የሞተችው እህት አምስት ልጆች አጎታቸው ዘንድ ሲሄዱ «እናንተ የአባታችሁ ቤት ልጆች ናችሁ፣ እዛ ሂዱ» ይባላሉ፣ በጣም ያማል። በባህላችን እንዲህ ነው የሚል ካለ፣ አንደኛ በርስት ዘመንም በእናት ይወረስ እንደነበር ከላይ አይተናል፣ ሁለተኛ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 3347 በሱ የተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማድ ሽሯል፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት በመውረስ እኩል እንደሆኑ ይደነግጋል። እናትየው እኩል ወራሽ ከሆነች በሷ እግር የሚገቡት ልጆችም እኩል ናቸው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደም ልጅ ልጅነቱ ከተረጋገጠ ያው ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ አንድ ነገር ልጨምር። አባት «የቀበሌ 03ቱን ቤት ለሁለተኛው ልጄ» ብሎ ተናዞ ሁለተኛው ልጅ ከአባቱ ቀድሞ ቢሞት፣ የሟቹ ልጅ «ቤቱ የአባቴ ነው የኔ ነው» ይላል። እንደ መሠረቱ ከሆነ ተናዛዡን ቀድሞ ለሞተ ሰው የተሰጠ ልዩ የኑዛዜ ስጦታ ይቀራል፣ ቤቱ ወደ ውርሱ ይመለሳል፣ ልጁ የሚያገኘው የአባቱን የወራሽነት ድርሻ እንጂ ያንን ቤት ራሱን አይደለም። ኑዛዜው ሌላ ነገር ካላለ። አንድን ንብረት ለአንድ ወራሽ መመደብ ደግሞ በአንቀጽ 913 ተቃራኒ ሐሳብ ካልታየ የአከፋፈል ደንብ ብቻ ነው ተብሎ ይወሰዳል፣ ከድርሻው ላይ ይታሰባል እንጂ ተጨማሪ ስጦታ አይሆንም። እዚህም ልጅን ቀብሮ ኑዛዜውን ሳያድስ የሞተ አባት ነገሩን ያወሳስበዋል።

አሁን ወደ ሕፃናቱ ልምጣ። አካለ መጠን ያልደረሰ የልጅ ልጅ በራሱ አይከራከርም፣ በሕይወት ያለ ወላጁ ሞግዚቱ ነው። ስለዚህ ብቸኛውን ልጅ ይዛ ፍርድ ቤት የምትመጣው ምራት ናት፣ አምስቱን ይዞ የሚመጣው አማች ነው። ሁለቱም በዛ ቤት እንደ ባዳ ነው የሚታዩት፣ «ልጁ ይሁን እሷ ምን አገባት» ይባላል። አገባት፣ ለልጇ የመቆም ኃላፊነት ያለባት እሷ ናት። ሁለቱም ወላጅ የሞቱበት ልጅ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ ልጁን የሚያሳድገው አጎቱ ነው፣ ያው አጎት በውርሱ ላይ ተካፋይ ነው፣ የራሱ ድርሻ ሲጨምር የልጁ የሚቀንስበት ሰው የልጁን ድርሻ ሊከራከርለት አይችልም። እንዲህ ባለ ጊዜ ፍርድ ቤቱ ለዛ ጉዳይ ሌላ ሰው እንዲሾም መጠየቅ ነው። ሽማግሌ ፊት «ተስማምተናል» ተብሎ የተፈረመ ወረቀትም አዋቂዎቹን ያስር ይሆናል፣ የሕፃኑን ድርሻ ግን ማንም ለሰላም ሲባል ሊለቅበት አይገባም።

ጊዜውም አጭር ነው። ኑዛዜው ፈራሽ ነው ወይም አጣሪው ያቀረበውን የአከፋፈል ሐሳብ አልቀበልም የሚል ሰው በ15 ቀን ውስጥ ለአጣሪው ማሳወቅ አለበት፣ ሲነበብ ከነበረ ከተነበበበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል፣ ካልነበረ ከደረሰው ቀን። «ዓመቱ ይውጣና እናየዋለን፣ አሁን ሐዘን ላይ ነን» የሚለው ደግነት እዚህ ላይ ያስበላል። ከገጠር የሚመጣ ሰው ከከተማ ያለው አጣሪ ምን እንዳለ በጊዜው ካልሰማ ነገሩ መቼ እንደደረሰው የሚያሳይ ማስረጃ ይያዝ።

የገጠር መሬት ለብቻው ነው፣ ከላይ ያልኩትን ስሌት ወስዳችሁ እርሻ ላይ እንዳትለጥፉት። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የሚወረሰው የመጠቀም መብቱ ነው፣ እሱም የሚመራው በመሬት አዋጆቹ ነው፣ በክልሉ በ252/2009፣ በፌዴራል ደግሞ 456/1997ን በተካው በ1324/2016። እዛ ላይ ልጅ መሆን ብቻ ሳይሆን በግብርና መተዳደር፣ ከባለ ይዞታው ጋር አብሮ መኖርና መጦር ዋጋ አላቸው፣ አካለ መጠን ላልደረሰ ልጅና ለትዳር ጓደኛ ጥበቃ አለ፣ መሬት ከተወሰነ መጠን በታች እየተቆራረጠም አይከፈልም። ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ካለ ባልየው የሷን ሊናዘዝ አይችልም። ማቻክል ውስጥ ያለን ማሳና ደብረ ማርቆስ ያለን ቤት በአንድ መስመር «እኩል ይካፈሉ» ብሎ የሚያልፍ ኑዛዜ ሁለት የተለያየ ሕግ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ለቤቱ የተገኘው መልስ ለማሳው ላይሠራ ይችላል። የ1989ኙን የመሬት ሽግሽግ የሚያስታውስ ቤተሰብ ይሄን በደንብ ይረዳዋል፣ መሬት በዘር ብቻ እንደማይቆጠር ያኔ ታይቷል።

ኑዛዜ የምትጽፉ ወይም ለሽማግሌ የምትጽፉ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እስክሪብቶ የያዘው ሰው «እኩል» የሚለውን ከሰማ ቆም ብሎ ይጠይቅ፣ «አባባ፣ የሞተችው ልጅዎ አምስት ልጆች አንድ ላይ የእናታቸውን ድርሻ ይውሰዱ ነው የሚሉት ወይስ እያንዳንዳቸው ከአጎታቸው ጋር እኩል?» ይበል። መልሱን እንደተናገሩት ይጻፈው። በቤት ከሆነ፣ «ንብረቴ ለአራት ይካፈል፤ የሞቱት የሁለቱ ልጆቼ ድርሻ ለየልጆቻቸው ይሁን፤ የእናታቸውን ወይም የአባታቸውን ድርሻ እርስ በርሳቸው እኩል ይካፈሉት» ብሎ። በነፍስ ወከፍ ከሆነ ደግሞ የስምንቱንም ሰዎች ሙሉ ስም ዘርዝሮ «ስምንቱም በነፍስ ወከፍ እኩል ይካፈሉ፣ ከልጆቼ ድርሻ እንደሚቀንስ አውቄ ነው» ብሎ። ከኔ ቀድሞ የሚሞት ካለ ድርሻው ለማን ይሁን የሚለውን አንድ መስመር ይጨምር። ከዛ ድምፁን ከፍ አድርጎ በአራቱ ምስክሮች ፊት ያንብበው፣ መነበቡን ይጻፍ፣ ቀኑን ይጻፍ፣ ሁሉም እዛው ይፈርሙ።